«ማን ነህ?» ለሚልህ እውነተኛ ዳጉ ስጥ
ወደ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ለሚሄዱ ወጣቶች የተጻፈ ትምህርት



ሰው በአንድ ቀን አይሠራም። ቤቱና መንደሩ፣ የልጅነት ሥራው፣ የሰማው ቃል፣ ያገኘው መከራና ያየው በጎ ነገር ሁሉ ቀስ በቀስ ይቀርጹታል። ብዙ ሰዎች ግን የልጃቸው ጠባይ የሚሠራው ወደ ኮሌጅ ወይም ወደ ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ ይመስላቸዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ወጣቱ ሻንጣውን ይዞ ከቤቱ በሚወጣበት ቀን፣ ከመጽሐፉና ከልብሱ ጋራ፣ በዐሥራ ስምንት ዓመት የተሰበሰበ ሌላ ሸክም ይዞ ይወጣል። ያ ሸክም ለአንዱ ስንቅ ይሆነዋል፤ ለሌላው ቀንበር ይሆንበታል። ስንቅ ወይም ቀንበር የሚያደርገውም፣ ወጣቱ ስላለፈው ኑሮው በልቡ የሚይዘው አሳብና ለሰው የሚሰጠው ቃል ነው።

ይህን ትምህርት የጻፍነው ይልቁንም በጭፍራና በሚሌ፣ በሎጊያና በሠመራ፣ በአይሳኢታና በአዋሽ ላላችሁ ተማሪዎች፣ ለወላጆቻችሁና ለመምህራኖቻችሁ ነው። ጭፍራ በወሎ ደጋ ግርጌና በአፋር ሜዳ መካከል፣ ከሚሌ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከዚያ የወጣ ወጣት የሚማረው በሠመራ ቢሆን የአገሩን ሰው ያገኛል፤ በጎንደር ወይም በጅማ ወይም በአዲስ አበባ ቢሆን ግን የአገሩን ስም ሰምቶ ከማያውቅ ሰው ጋራ በአንድ ክፍል ያድራል። በመጀመሪያይቱም ሌሊት «ማን ነህ? ከወዴትስ መጣህ?» ተብሎ ይጠየቃል።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ብዙዎች በዚህች ጥያቄ ይሰናከላሉ። አንዱ የተወለደበትን ቤት ይደብቃል፤ ፍየል ጠባቂ እንደ ነበረ፣ እናቱ ፊደል እንደማታውቅ እንዳይታወቅበት ይፈራል። ሌላው በተወለደበት ይታበያል፤ ጎሣውን ከጎሣ ሁሉ አስበልጦ፣ የደረሰበትንም በደል እንደ ሰንደቅ ተሸክሞ ይኖራል። ሁለቱም ስለ ራሳቸው እውነቱን አልተናገሩም። ሦስተኛ መንገድ ግን አለ፤ እርሱንም ከሩቅ አንፈልገውም፤ በአፋር አገር ልጅ ሁሉ ያውቀዋልና።

፩. ዳጉ የሚያስተምረን ነገር

የአፋር ሕዝብ ዳጉ የሚባል የቆየ ሥርዓት አለው። ሁለት መንገደኞች በሜዳ ሲገናኙ ዝም ተባብለው አይተላለፉም፤ ሰላምታ ተሰጣጥተው፣ ቢቻልም ከጥላ በታች ተቀምጠው፣ ወሬ ይጠያየቃሉ። ዝናብ የት ዘነበ? ሣር የት በቀለ? ከብቱን ምን በሽታ አገኘው? አገሩ ሰላም ነውን? አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል፤ የሰማውንም ለሚቀጥለው መንገደኛ እንደ ሰማው ያደርሳል። ስለዚህ በበረሃው ውስጥ ስልክ ሳይኖር ወሬ ከሰው ወደ ሰው እያለፈ ሩቅ አገር ፈጥኖ ይደርስ ነበር።

ይህ ሥርዓት የሚቆመው በእውነት ነው። ሰው ያየውን «አየሁ»፣ የሰማውን «ሰማሁ» ብሎ ይለያል። የሐሰት ዳጉ የሚሰጥ ሰው ይናቃል፤ በጎሣው ሕግም ይጠየቃል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ በሐሰት ወሬ ተታሎ መንጋውን ወደ ደረቀ ምድር የነዳ ሰው ሀብቱን ሁሉ ያጣልና።

እንግዲህ አንተ ወጣት፣ አንቺም ልጃገረድ፤ ስለ ዝናብና ስለ ሣር እውነተኛ ዳጉ የምትሰጡ ከሆነ፣ ስለ ራሳችሁ ሐሰተኛ ዳጉ መስጠት እንዴት ይገባል? ራሱን ሊያውቅ የሚወድ ሰው ሦስት ነገር ይጠይቅ። ያየሁት ምንድር ነው? የሰማሁት ምንድር ነው? በዚህ ሁሉ መካከል እኔ ራሴ ያደረግሁትስ ምንድር ነው? እነዚህን ሦስቱን የለየ ሰው ስለ ራሱ እውነቱን ማወቅ ጀመረ። የቀላቀላቸው ግን የሰማውን ስድብ እንዳየው እውነት፣ የደረሰበትን መከራ እንደ ሠራው ጥፋት ይቈጥረዋል። ሦስቱንም በየተራ እንመልከት።

፪. ያየሁት

የገጠር ልጅ ከሆንህ ዕውቀትህ ከትምህርት ቤት አልጀመረም። በአርብቶ አደር ቤት ሕፃን ገና ትንሽ ሳለ ግልገሎችን ከቤት አጠገብ ይጠብቃል፤ ጥቂት ሲያድግ ፍየልና በግ ይሰጠዋል፤ ሲጐለምስ ከታላላቆቹ ጋራ ከብትና ግመል ይዞ ሩቅ ይሄዳል። በዚህ ሥራ ውስጥ ማንም በሰሌዳ ያልጻፈው ትምህርት አለ። ከብዙ ፍየሎች መካከል የጎደለችውን አንዲቱን በመልኳ የሚያውቅ ልጅ ማስተዋልን ተምሯል። ጥማቱን ታግሦ አስቀድሞ መንጋውን የሚያጠጣ ልጅ ራስን መግዛትን ተምሯል። በሌሊት የጅብ ድምፅ ሲሰማ ስፍራውን ያልለቀቀ ልጅ አደራ መጠበቅን ተምሯል። እንዲህ ያለው ልጅ በኮሌጅ ከከተማ ልጅ አጠገብ ተቀምጦ «እኔ ምንም አላውቅም» ቢል ሐሰት ተናገረ። ኮምፒውተር መንካትን ዘግይቶ ተምሮ ይሆናል፤ አደራ መጠበቅን ግን ቀድሞ ተምሯል። ከሁለቱም ዘግይቶ ለሚጀምረው ሰው የሚከብደው አደራ መጠበቅ ነው።

የከተማም ልጅ የራሱ ትምህርት አለው። ከትምህርት ቤት መልስ በአባቱ ሱቅ ሚዛን የያዘ፣ ወይም ለሾፌሮችና ለመንገደኞች ሻይ የምታፈላ እናቱን የረዳ ልጅ፣ በሙሉና በጎደለ ሚዛን መካከል ያለውን ልዩነት በገዛ እጁ አውቆታል። ማንም ሳያየው ሙሉውን መዝኖ ከሰጠ፣ ያ ቀን ከፈተና ቀን ይልቅ ጠባዩን ሠርቶታል።

ደግሞም ክፉ ነገር አይታችኋል። አያቶቻችሁ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎና በአፋር ላይ የወረደውን ድርቅ ያስታውሳሉ፤ ያን ጊዜ ብዙ ቤት መንጋውን አጥቶ ባዶ እጁን ቀርቷል። እናንተ ደግሞ በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነት ወደ ጭፍራ ገብቶ፣ ከተማይቱ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ፣ ሕዝቡም ቤቱን ጥሎ ሲሰደድ አይታችኋል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ ምድር ደጋግማ ስትናወጥ ብዙ ሺህ ሰዎች ቤታቸውን ትተው በመጠለያ ኖረዋል። ይህን በልጅነቱ ያየ ሰው፣ ያየው ነገር ምልክቱን ሳይተውበት አላደገም።

ስለዚህ ነገር ሁለት ቃል እንነግራችኋለን። ፊተኛው፤ መከራ ማየት ኃፍረት አይደለም። የተሰደደ ሰው አልበደለም፤ በመጠለያ የተቀበለውም እህል ነውር አይሆንበትም። ሁለተኛው፤ መከራ ማየት ማዕረግ አይደለም። መከራ አንዱን ርኅሩኅ ያደርገዋል፤ ሌላውን ያጨክነዋል፤ ስለዚህ መከራ ያየ ሁሉ በዚያ ብቻ ጻድቅ አይባልም። በሌሊት እንቅልፍ የሚከለክልህ፣ ድንገተኛ ድምፅ በሰማህ ጊዜ የሚያንቀጠቅጥህ ነገር ቢኖር፣ ይህ የልብ ቍስል ነው እንጂ ወንድነት ማጣት አይደለም። ለምታምነው ሰው፣ ለመምህርህ ወይም ለሐኪም ንገር። ተሸፍኖ የሚቀር ቍስል ይመግላል፤ የታየ ቍስል ግን ይታከማል።

፫. የሰማሁት

ልጅ ስለ ራሱ የሚያውቀውን አብዛኛውን ነገር የሚሰማው ከሌላ ሰው አፍ ነው። «ሰነፍ ነህ» እየተባለ ያደገ ልጅ ሰነፍነቱን ሳይመረምር ያምናል። «ከቆላ የመጣ ምን ያውቃል» የተባለም እንደዚሁ ነው። በዳጉ ሕግ ግን ይህ ሁሉ የተሰማ ወሬ ነው፤ ምስክርነት አይደለም። ስለዚህ የተባልኸውን ሁሉ ወስደህ ካየኸው ጋራ አስተያየው። መምህርህ ወይም አጎትህ ተቈጥቶ በአንድ ቀን የተናገረው ቃል፣ አንተ በዐሥር ዓመት የሠራኸውን ሥራ ሊሽረው አይገባም።

ይልቁንም ስለ ጎረቤት ሕዝብ የሰማኸውን ለይ። በአፋር ምድር ዳርቻ ስለ ሣርና ስለ ውኃ ብዙ ደም ፈስሷል፤ የሞተም ሰው በየቤቱ ይነገራል። ነገር ግን ልብ ብለህ ብታዳምጥ፣ በየቤቱ የሚነገረው የራስ ወገን የተበደለው ብቻ ነው፤ የራስ ወገን የበደለው አይነገርም። በኮሌጅ የምታገኘው የጎረቤት ሕዝብ ልጅ ደግሞ በቤቱ የሰማውን ይዞ ይመጣል። ሁለታችሁ የሰማችሁትን እንዳያችሁት አድርጋችሁ ብትናገሩ ጠብ ይሆናል። «እኔ ይህን ሰምቻለሁ፤ አንተስ ምን ሰማህ? በዓይንህስ ያየኸው ምንድር ነው?» ብትባባሉ ግን ዳጉ ይሆናል። በገበያ ቀን ደገኛው እህሉን፣ አፋሩ ፍየሉንና ቅቤውን አቅርቦ፣ አንዱ በሌላው ቋንቋ ሲከራከርና ሲስማማ ያየ የጭፍራ ልጅ፣ ከወሬው የሚበልጥ ምስክርነት በእጁ አለው።

ይሁን እንጂ የሰማኸው ሁሉ ከንቱ አይደለም። ከእናትህና ከአያትህ አፍ የሰማኸው ተረት፣ ምሳሌና እንቈቅልሽ ሀብት ነው። የዚህን ማስረጃ በአገራችን ታሪክ በአስቴር ጋኖ እናገኛለን። አስቴር የኦሮሞ ልጅ ነበረች፤ በባሪያ ነጋዴዎች እጅ ወድቃ፣ በቀይ ባሕር ወደ ዐረብ አገር ልትሸጥ በጀልባ ስትወሰድ፣ በ1886 በፈረንጅ አቆጣጠር የኢጣልያ መርከቦች ጀልባይቱን ይዘው ነጻ አወጧት። ከዚያ በኋላ በምፅዋ አጠገብ በእምኩሉ ባለው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረች። ከአገሯ ስትወሰድ ከንብረት ምንም አልያዘችም፤ ቋንቋዋን ግን ይዛ ነበር። ከሕፃንነቷ የሰማቻቸውን ዘፈኖች፣ ተረቶች፣ ምሳሌዎችና እንቈቅልሾች እያስታወሰች ጻፈች፤ ቍጥራቸውም ወደ 500 ደረሰ። ከእነርሱም ብዙዎቹ በ1894 በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ገቡ። እነሆ፣ ሰዎች እንደ ዕቃ የሸጧት ልጅ በልቧ የያዘችው ቃል ለብዙ ሕዝብ የንባብ መጽሐፍ ሆነ። አፋርኛም ዛሬ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ ነገር ግን በሽማግሌዎች አፍ ብቻ ያለው ብዙ ነው። ከቤትህ ሳትወጣ ከአያትህ አጠገብ ተቀመጥና ስማ፤ የሰማኸውንም ጻፍ።

፬. ያደረግሁት

ከሦስቱ የሚበልጠው ይህ ነው። ያየኸውን አልመረጥህም፤ የሰማኸውንም አብዛኛውን አልመረጥህም፤ ያደረግኸው ግን የአንተ ነው፤ በእርሱም ትጠየቃለህ።

የያዕቆብ ልጅ የዮሴፍ ታሪክ በክርስቲያኑም በእስላሙም ቤት የታወቀ ነው። ዐሥራ ሰባት ዓመት ሲሆነው ወንድሞቹ ጠሉት፤ ለነጋዴዎችም ሸጡት። በባዕድ አገር ባሪያ ሆነ፤ ያለ በደሉም ታሰረ። ከሹመት በኋላ ወንድሞቹ ተርበው በፊቱ በቆሙ ጊዜ ሁለት ቀላል መንገዶች ነበሩት። ማንነቱን ደብቆ ሊያሰናብታቸው ይችል ነበር፤ የበደሉትንም በደል መልሶ ሊከፍላቸው ይችል ነበር። እርሱ ግን ራሱን ገለጠላቸው፤ ያደረጉትንም ክፉ ነገር ክፉ ብሎ ጠራው፤ ሆኖም አልተበቀላቸውም፤ መገባቸው እንጂ። ይህ እውነተኛ ዳጉ ነው፤ በደሉን ሳይክድ፣ በደሉ ግን ሳይገዛው።

በአገራችንም ይህን የሚመስል ሰው ነበረ። ኦነሲሞስ ነሲብ በኢሉባቦር በሁሩሙ አጠገብ የተወለደ ነው፤ የልጅነት ስሙም ሂካ ነበር። በልጅነቱ በባሪያ ነጋዴዎች ተነጥቆ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ እስከ ምፅዋ ደረሰ። በዚያ በ1870 ቬርነር ሙንዚንገር የሚባል የስዊስ ሰው ነጻ አውጥቶ ለስዊድን ሚሲዮን ሰጠው። ይህ ሙንዚንገር በኋላ ለግብፅ መንግሥት ጦር እየመራ ወደ አውሳ ሲገባ፣ በ1875 በአፋሮች እጅ የሞተው ሰው ነው፤ ለአንዱ ነጻ አውጪ የሆነው ለሌላው ወራሪ ሆኖ ነበርና። በዚህ ደግሞ የሰው ሥራ በአንድ ቃል ተጠቅልሎ እንደማያልቅ እንማራለን። ኦነሲሞስ በ1872 ተጠመቀ፤ በስዊድንም አገር ተማረ፤ ከዚያም ሕዝቡ በገዛ ቋንቋው እንዲያነብ ቅዱሳት መጻሕፍትን ወደ ኦሮምኛ ሊተረጕም ተነሣ። ነገር ግን ከአገሩ በልጅነቱ ስለ ተለየ የቋንቋው ቃላት ጎደሉት። ጎደለኝ ለማለት ግን አላፈረም፤ አስቴር ጋኖና ሌሎች ረዱት። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ፤ እርሱም በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሶ ሲያስተምር ኖረ፤ በ1931 ሞተ።

ልብ በሉ፤ የሸጡት ሰዎች ያደረጉት የእነርሱ ሥራ ነው። የእርሱ ሥራ ግን ከተሸጠ በኋላ ያደረገው ነው። ማን እንደ ነበረ የሚያስረዳን ይህ ሁለተኛው ነው።

፭. ሥሩን ላላወቀ ሰው

ምናልባት ከአንባቢዎች አንዱ «እኔ ከሰው ቤት አድጌአለሁ፤ ወላጆቼን አላውቅም፤ የአባቴንም ቋንቋ አልናገርም፤ ስለ ራሴ ምን ዳጉ አለኝ?» ይል ይሆናል። ለእርሱ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ነገር እንንገረው። ወርቅነህ በ1868 በመቅደላ ጦርነት ጊዜ የሦስት ዓመት ያህል ሕፃን ነበረ። ከወላጆቹ ተለይቶ ስለ ተገኘ የእንግሊዝ መኰንን ወደ ህንድ አገር ወሰደው፤ ቻርልስ ማርቲን የሚል ስምም ወጣለት። በላሆር ሕክምና ተምሮ በ1882 ሐኪም ሆነ። ወደ ኢትዮጵያ በተመለሰ ጊዜ አማርኛ አያውቅም ነበር። አያቱ ግን ወሬውን ሰምተው መጡ፤ በሰውነቱ ላይ ባለው የልጅነት ጠባሳም የልጃቸው ልጅ መሆኑን አወቁ።

ይህ ሰው የጠፋውን ልጅነት ሊመልሰው አልቻለም። ሁለት ስም እንደ ነበረው ኖረ፤ አንዱንም አልካደም። የአገሩን ቋንቋ ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ ተማረ፤ ሕመምተኞችን አከመ፤ በ1935 ኢጣልያ አገራችንን ስትወርር በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ነበረ። እንግዲህ ሥሩን ያላወቀ ሰው ሥር የሌለው አይደለም። ካየውና ካደረገው ይጀምር፤ ያልሰማውን በትዕግሥት ይጠይቅ። ጠባሳም አንዳንድ ጊዜ ምስክር ይሆናልና አይደብቀው።

፮. ለሴቶች ልጆች

ሴት ልጅ በዚህ አገር ከወንድሟ ይልቅ ብዙ ትሠራለች። ውኃ ትቀዳለች፤ ፍየል ትጠብቃለች፤ ከእናቷ ጋራ ሰሌን ትሠራለች፤ ሰፈር ሲለወጥ ቤቱን ነቅላ ቤቱን የምትተክለው ሴት ናት። ነገር ግን «ማን ነሽ?» ሲሏት «የእገሌ ልጅ» ወይም «ለእገሌ የታጨሁ» ብላ እንድትመልስ ትማራለች። አብሱማ የሚባለው ልማድ የአክስትን ልጅ ለማግባት መብት ይሰጣል፤ ዘመድን ከዘመድ ማስተሳሰሩንም ሽማግሌዎች ያመሰግናሉ። ሆኖም ልጅቱ ትምህርቷን ሳትጨርስ፣ ፈቃዷም ሳይጠየቅ ሲፈጸምባት፣ በእርሷ ያለውን ስጦታ ገና ሳይታይ ይቀብረዋል። የኢትዮጵያ ሕግም ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ይከለክላል፤ የሁለቱንም ፈቃድ ይጠይቃል።

እናንተ አባቶች ሆይ፤ የአስቴር ጋኖን ነገር ዳግመኛ አስቡ። ያን ያህል ቃል በአንዲት ልጅ ልብ ውስጥ እንዳለ ነጋዴዎቹ አላወቁም፤ ዋጋዋን በብር ብቻ ቈጥረው ነበርና። በቤታችሁ ያለችው ልጅ ምን እንደ ያዘች እናንተስ አውቃችኋልን? አንቺም ልጄ፤ ቤት መትከልን የሚያውቅ እጅ ብዙ ነገር ሊሠራ እንደሚችል አትጠራጠሪ። የሠራሽውን ቍጠሪ፤ በስምሽም ጥሪው።

፯. ስለ ፈተና

አሁን ወደሚያስጨንቃችሁ ነገር እንምጣ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከመቶ 50 እና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች ከመቶ 3.3 ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 3.2 ነበሩ። ይህም ማለት በእያንዳንዱ ዓመት ከ100 ተማሪዎች 97ቱ የሚያህሉት ማለፊያውን ነጥብ አላገኙም። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ጦርነት ትምህርት ቤታቸውን ዘግቶባቸው የነበሩ ናቸው።

እንግዲህ «ማን ነህ?» ለሚለው ጥያቄ ይህን ቍጥር መልስ አድርጎ የሚሰጥ ወጣት ሐሰተኛ ዳጉ ይሰጣል። ፈተናው የሚናገረው በዚያ ቀን፣ በዚያ ትምህርት፣ ምን ያህል እንደ መለስህ ነው። ይህም እውነት ነውና አትናቀው፤ የጎደለህን አውቀህ ዳግመኛ ተማር፤ ለተማሪ ስንፍና ምክንያት አንሰጥም። ነገር ግን አደራ መጠበቅህን፣ ምላስህን መግዛትህን፣ በስደት ጊዜ ታናሽ ወንድምህን በጀርባህ መሸከምህን ፈተናው አልጠየቀህም። ያለፍህም ሆንህ የወደቅህ፣ ያ ሁሉ ከአንተ ጋራ ነው። ያለፈ ተማሪ ያላለፈውን ጓደኛውን ቢንቅ፣ በመጀመሪያው የጠባይ ፈተና ወደቀ።

፰. የአራት ቀን ሥራ

ይህ ትምህርት ተነብቦ ብቻ እንዳይቀር አንድ ሥራ እንሰጣችኋለን። ጄምስ ፔኔቤከር የተባሉ የአሜሪካ የሥነ ልቦና መምህር ከአንዲት ባልደረባቸው ጋራ በ1986 ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎች ለአራት ተከታታይ ቀን በየቀኑ 15 ደቂቃ ያህል ስለ ደረሰባቸው ከባድ ነገር እንዲጽፉ አድርገው ነበር። የሆነውንና የተሰማቸውን ሁለቱንም የጻፉት ተማሪዎች፣ በሚቀጥሉት ወራት ስለ ሕመም ወደ ሐኪም የሄዱበት ጊዜ አነሰ። በጽሑፍ የተነገረ እውነት ለሰውነትም ሊጠቅም ይችላልና።

እናንተም ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ደብተር ውሰዱ። በመጀመሪያው ቀን ያያችሁትን ጻፉ፤ ክፉውንም በጎውንም። በሁለተኛው ቀን ስለ ራሳችሁና ስለ ሌሎች የሰማችሁትን ጻፉ፤ በአጠገቡም «ይህን አይቻለሁን?» ብላችሁ ምልክት አድርጉ። በሦስተኛው ቀን ያደረጋችሁትን ጻፉ፤ የምታፍሩበትንም አትዝለሉ፤ ሊመለስ የሚችል በደል ካለ ሄዳችሁ ይቅርታ ጠይቁ፤ ከዕዳ ጋራ መንገድ መውጣት መልካም አይደለምና። በአራተኛው ቀን ለማን ባለ ዕዳ እንደ ሆናችሁ ጻፉ፤ ያስተማረችህ እኅት፣ ሸክም ያቀለለልህ ጎረቤት፣ መጽሐፍ ያዋሰህ መምህር ይኖራል። በምትጽፉበት ጊዜ ልባችሁ እጅግ ቢታወክ ግን አቁሙ፤ ከምታምኑትም ሰው ጋራ ተነጋገሩ።

እንግዲህ በሩቅ አገር፣ በማታውቀው ሰው ፊት «ማን ነህ?» ስትባል፣ አትደብቅ፤ አትታበይም። «ከጭፍራ ነኝ፤ ይህን አየሁ፤ ይህን ሰማሁ፤ ይህን አደረግሁ» በል። ከዚያም አፍህን ዘግተህ የእርሱን አዳምጥ፤ ዳጉ በሁለት ሰው ነውና። እርሱም እንደ አንተ የዐሥራ ስምንት ዓመት ሸክም ይዞ መጥቷል፤ የሚቀበለው ሰው ይፈልጋል።

ለመወያየት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የሰማኸውን እንዳየኸው አድርገህ የተናገርህበት ጊዜ አለን? ምን ጉዳት አመጣ?

2. ከልጅነት ሥራህ የተማርኸው፣ በትምህርት ቤት ያላገኘኸው ጠባይ ምንድር ነው?

3. ዮሴፍ በደሉን ሳይክድ በቀልን የተወው እንዴት ነው? አንተስ በደሉህ ስለምትላቸው ሰዎች ምን ታደርጋለህ?

4. ከአያቶችህ አፍ ካልጻፍኸው የሚጠፋ አንድ ተረት ወይም ምሳሌ ምንድር ነው?

5. በቤታችሁ ያለችው ሴት ልጅ ምን ስጦታ እንዳላት ማን ጠይቋት ያውቃል?